ሳንባው ሲፈቅድ እግሩ ሲያምፅ፦ ወደ ሩጫ ለሚመለስ ጀማሪ ችግርና መፍትሄ

ለዓመታት ከስፖርት ርቆ የቆየ ሰው ሩጫ ሲጀምር የሚገጥሙት ችግሮች ስፍር ቁጥር የሌላቸው ይመስላሉ፤ ቀረብ ብሎ ለተመለከታቸው ግን አብዛኞቹ ከሁለት ምንጮች የሚቀዱ ናቸው። የመጀመሪያው ከአቅም በላይ መፍጠን ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሰውነት ክፍሎች አዲሱን ሥራ የሚለምዱበት ጊዜ እኩል አለመሆኑ ነው። ፕላዝማ የሚባለው የደም ፈሳሽ ክፍል በመጀመሪያው አንድና ሁለት ሳምንት ውስጥ መጨመር ይጀምራል፤ በጡንቻ ውስጥ ኃይል የሚያመነጩት ሚቶኮንድሪያዎችና ደም የሚያደርሱት ደቃቅ ሥሮች በሳምንታት ይበራከታሉ፤ ጅማትና አጥንት ግን ወራት ይፈልጋሉ። ስለዚህ በሁለተኛው ወር ገደማ ትንፋሹ የተስተካከለለት ሯጭ ልጨምር ሲል፣ እግሩ ጭማሪውን ለመሸከም ገና ያልደረሰበት ጊዜ ላይ ይገኛል። ከዚህ በታች ያሉትን ችግሮች ስናይ ይህንን ክፍተት ደጋግመን እናገኘዋለን።

አስቀድሞ አንድ ነገር መለየት አለበት። በሩጫ ጊዜ ደረትን የሚጫን ወይም ወደ ክንድና መንጋጋ የሚዘልቅ ሕመም፣ ራስን መሳት፣ የልብ ምት መዘበራረቅ ወይም ከተሠራው ሥራ ጋር የማይመጣጠን የትንፋሽ መቆራረጥ ከተከሰተ ሩጫው ወዲያውኑ ይቋረጣል፤ ሕክምናም በአስቸኳይ ይፈለጋል። የልብ፣ የስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ደግሞ ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር ይኖርበታል። የሚከተሉት መፍትሄዎች ከዚህ ውጭ ላሉ የተለመዱ ችግሮች ናቸው።

ችግር፦ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ትንፋሽ ያጥራል

የጀማሪ የመጀመሪያ ስሞታ ይህ ነው፤ ብዙ ሰው «ሩጫ ለእኔ አልተፈጠረም» ብሎ የሚተወውም እዚህ ላይ ነው። እኔም ከስድስት ዓመት ዕረፍት በኋላ በተመለስኩበት ቀን በአንድ የኳስ ሜዳ ዙሪያ አንድ ዙር ተኩል እንደሮጥኩ እጆቼን ጉልበቶቼ ላይ ደግፌ ቆምኩ። ላቤ ከአፍንጫዬ ጫፍ ጫማዬ ላይ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ ሳንባዬ እንዳረጀ ደመደምኩ። በሳምንቱ ግን አንድ ወዳጄ ከጎኔ ሆኖ በፈጣን የእግር ጉዞ እየሄደ፣ እሱን ሳልቀድም በሶምሶማ እንድሮጥ አስገደደኝ። እርምጃዬ ከማጠሩ የተነሳ ባለሁበት የምረግጥ መሰለኝ፤ ሆኖም ያን ቀን ሳልቆም አሥራ አምስት ደቂቃ ሞላሁ። ሳንባዬ ያው ነበር፤ የተለወጠው ፍጥነቴ ብቻ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። ሩጫ ሲጀመር ጡንቻ የሚፈልገው ኦክስጅን በቅጽበት ይጨምራል፤ ልብና ትንፋሽ ግን ፍላጎቱ ላይ እስኪደርሱ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ይወስድባቸዋል። በዚህ መሀል ጡንቻው የጎደለውን ኃይል ኦክስጅን በማያስፈልገው መንገድ ይሞላል። ፍጥነቱ ለዘብ ያለ ከሆነ ልብ ይደርስና ትንፋሽም ይረጋጋል። ፍጥነቱ ከአቅም በላይ ከሆነ ግን ልብ መቼም አይደርስም፤ በደም ውስጥ እየጨመረ የሚሄደው አሲዳማነትም ትንፋሹን ይበልጥ እያፈጠነ በመጨረሻ ሰውየውን ያስቆመዋል። ቀድሞ ስፖርተኛ የነበረ ሰው በዚህ ችግር ከሌላው የባሰ ይጠቃል፤ እግሩ የሚያስታውሰው በወጣትነቱ የሮጠበትን ፍጥነት ስለሆነ ነው።

የመፍትሄው መጀመሪያ ፍጥነትን በንግግር መመዘን ነው። እየሮጡ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳይቆራረጥ መናገር ከቻሉ ፍጥነቱ ትክክል ነው፤ በሁለትና በሦስት ቃል መሀል አየር የሚስቡ ከሆነ ግን ይቀንሱ። ከሩጫው በፊት ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ በፈጣን እርምጃ መሄድም ልብ ቀድሞ እንዲነሳ ስለሚያደርግ የመጀመሪያዎቹን ደቂቃዎች ያቀልላቸዋል። በአፍንጫ ብቻ ለመተንፈስ የሚደረገው ትግል ግን ለጀማሪ ጥቅሙ አይታየኝም፤ አፍም አፍንጫም ክፍት ይሁኑ።

ከዚህም በኋላ ትንፋሽ የሚያጥር ከሆነ ሩጫን ከእግር ጉዞ ጋር ማፈራረቅ ያስፈልጋል። አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ ሁለት ደቂቃ የእግር ጉዞ፤ ይህ ስምንት ጊዜ ሲደጋገም 24 ደቂቃ ይሆናል። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በየመሀሉ አንድ ቀን እያረፉ ይሠሩታል። የሩጫው ክፍል ሲቀል ወደ ሁለት ደቂቃ ያሳድጉት፤ ቀጥሎ የእግር ጉዞውን ወደ አንድ ደቂቃ ያሳጥሩት፤ ሁለቱን በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንድ ላይ መለወጥ ግን አይገባም። እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር የእግር ጉዞው የሚጀመረው ሳይደክሙ መሆኑ ነው። ጨርሶ እስኪደክሙ ሮጦ መሄድ ማገገም ነው፤ ሰዓቱ ሲደርስ ገና ጉልበት እያለ መሄድ ግን ድካሙ እንዳይጠራቀም ያደርጋል። እ.ኤ.አ. በ1972 ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር የሮጠው አሜሪካዊው ጄፍ ጋሎዌይ ጀማሪዎችን ሲያሠለጥን የኖረው በዚሁ ማፈራረቅ ስለሆነ፣ መሀል ላይ መሄድ የሽንፈት ምልክት ተደርጎ ሊቆጠር አይገባም።

ሩጫው ካበቃ ከአምስትና ከአሥር ደቂቃ በኋላ ሳልና በደረት ውስጥ የፉጨት ድምፅ የሚመጣ ከሆነ ጉዳዩ ከፍጥነት አልፎ የአየር ቧንቧ መጥበብ ሊሆን ይችላል፤ በተለይ በብርዳማና በደረቅ አየር ይብሳል። ይህ በመድኃኒት የሚረዳ ችግር ስለሆነ ሐኪም ዘንድ መቅረብ እንጂ ታግሎ ለማለፍ መሞከር አያስፈልግም።

ችግር፦ የእጅ ሰዓቱ የሚያስደነግጥ የልብ ምት ያሳያል

በዝግታ እየሮጡ ሰዓቱ 170 ቢያሳይ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት ሰዓቱ ነው። በእጅ አንጓ ላይ በብርሃን የሚለኩ መሣሪያዎች አንዳንድ ጊዜ የእግሩን ምት ከልብ ምት ጋር ያምታታሉ፤ በደቂቃ 165 እርምጃ የሚሮጥ ሰው ልቡ 140 ሲመታ ሰዓቱ 165 ሊያነብለት ይችላል። ቆም ብለው ሁለት ጣት በአንገትዎ ጎን ላይ ያድርጉና ለ15 ሰከንድ ቆጥረው በአራት ያባዙት፤ ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ማሰሪያውን ጠበቅ አድርገው ከአንጓው አጥንት ትንሽ ከፍ ያድርጉት።

ሰዓቱ ትክክል ሆኖ ሲገኝ ደግሞ ቀመሩ ይጠረጠራል። ከ220 ላይ ዕድሜን መቀነስ ለ40 ዓመት ሰው 180 ከፍተኛ ምት ይሰጠዋል፤ ይህ ግን የብዙ ሰዎች አማካይ እንጂ የአንድ ሰው ልክ አይደለም፤ የግለሰቡ ትክክለኛ ቁጥር በአሥርና ከዚያ በላይ ምት ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ቤታ ብሎከር የሚባሉትን የደም ግፊት መድኃኒቶች የሚወስድ ሰው ምቱ በመድኃኒቱ ስለሚገታ ቀመሩ ጭራሽ አያገለግለውም። ሙቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና የሰውነት ውኃ መቀነስም ምቱን ከፍ ያደርጉታል። እንደ እኔ ግምት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የንግግሩ መመዘኛ ከሰዓቱ የበለጠ ታማኝ ነው።

ችግር፦ ከጎድን አጥንት ሥር ይወጋል

የጎን ውጋት አብዛኛውን ጊዜ በቀኝ በኩል ይመጣል፤ ትክክለኛ ምክንያቱ እስካሁን አልተቋጨም። የሚታወቀው ከምግብ ወይም ከብዙ ጣፋጭ መጠጥ በኋላ ቶሎ ሲሮጥ መባባሱ ነው። ከባድ ምግብ ከተበላ ሁለትና ሦስት ሰዓት ይቆዩ። ውጋቱ ከጀመረም ፍጥነትዎን ቀንሰው የወጋዎትን ቦታ በእጅ ጫን እያደረጉ ትንፋሽዎን በረጅሙ ያስወጡ፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል።

ችግር፦ የቅልጥም ውስጠኛ ጠርዝ ያማል

ይህን በጥንቃቄ ማየት ያስፈልጋል፤ አንድ ዓይነት የሚመስሉ ሁለት ሕመሞች እዚህ ላይ ይገናኛሉና። ቁጭ ብለው የታመመውን እግር በሌላው ጉልበት ላይ ያስቀምጡና አውራ ጣትዎን ከቁርጭምጭሚት በላይ ጀምሮ በቅልጥሙ የውስጥ ጠርዝ ላይ ቀስ እያደረጉ ወደ ላይ ይጫኑ። ሕመሙ በአንድ እጅ ስፋትና ከዚያ በላይ በተዘረጋ ቦታ ላይ ከተሰማ፣ በሩጫው መጀመሪያ ላይ በርትቶ ሰውነት ሲሞቅ የሚቀንስም ከሆነ፣ የአጥንቱ ሽፋንና ከእሱ ጋር የተያያዙት ሕብረ ሕዋሳት በጫና ተቆጥተዋል ማለት ነው። ጣትዎ በአንዲት ሳንቲም በምታህል ነጥብ ላይ ሲያርፍ ግን የሚያስደነብር ሕመም ከተሰማዎት፣ ሕመሙ እየሮጡ በሄዱ ቁጥር የሚብስ፣ በአንድ እግር ሲዘሉ የሚወጋ ወይም ሌሊት ተኝተው የሚቀሰቅስዎት ከሆነ አጥንቱ ላይ ስንጥቅ ተፈጥሮ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ ሩጫ ይቆማል፤ ሐኪም ማየት አለበት። የመጀመሪያው ራጅ ንጹሕ መሆኑ ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ይወቁ፤ እንዲህ ያለው ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በራጅ ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም፤ ኤምአርአይ የሚባለው በማግኔት የሚሠራ የምስል ምርመራ ግን ቀድሞ ያሳየዋል።

ምክንያቱ ከአጥንት አሠራር ይመነጫል። አጥንት አዲስ ጫና ሲያርፍበት ራሱን የሚያድሰው መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል አፍርሶ ቀጥሎ አዲሱን በመገንባት ነው፤ ማፍረሱ ፈጣን፣ ግንባታው ዘገምተኛ ስለሆነ በመሀል ለጥቂት ሳምንታት አጥንቱ ከቀድሞው ይልቅ ይሳሳል። ጀማሪው ትንፋሹ ተስተካክሎለት ርቀቱን በእጥፍ የሚጨምረው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ወቅት ላይ ነው።

ለተዘረጋው ሕመም መፍትሄው የሩጫውን መጠን በግማሽ መቀነስ፣ በእግር ሲሄዱም የሚያም ከሆነ ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያህል ሩጫውን በብስክሌት ወይም በዋና መተካት ነው፤ የልብ ብቃት በእነዚህ አይባክንም። የባት ጡንቻን ማጠንከርም ይረዳል፤ ቆመው በእግር ጣቶች ላይ ከፍ ዝቅ ማለት፣ መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲቀል በአንድ። ጫማው ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ከሮጠ ይቀየር።

በየሳምንቱ ከ10 በመቶ በላይ አትጨምር የሚለው ምክር ሁሉም ቦታ ይሰማል። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመ፣ በኔዘርላንድስ ግሮኒንገን ከ500 በላይ ጀማሪ ሯጮችን ያሳተፈ ጥናት በ10 በመቶ እየጨመሩ 13 ሳምንት የተዘጋጁትን ከዚያ ባጠረ በ8 ሳምንት መርሐ ግብር ከተዘጋጁት ጋር አነጻጽሯል፤ በሁለቱም ወገን ከአምስት ሰው አንዱ ገደማ ተጎድቷል። ቁጥሩ እንግዲህ ክታብ አይደለም። እኔ የምከተለው ሁለት ሳምንት ጥቂት ጨምሮ በሦስተኛው ሳምንት ወደ ሁለት ሦስተኛ መመለስን ነው፤ አጥንቱ ግንባታውን የሚጨርስበት ፋታ ያገኛልና።

ችግር፦ የጉልበት ሎሚ ዙሪያ ያማል

ደረጃ ሲወርዱ፣ ቁልቁለት ሲሮጡ ወይም ለረጅም ጊዜ ተቀምጠው ሲነሱ የሚብስ፣ ከጉልበት ሎሚ ጀርባ ወይም ዙሪያ የሚሰማ ሕመም በሯጮች ዘንድ የተለመደ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው እግርን ከሰውነት ፊት አርቆ ከመወርወር፣ ከጭንና ከዳሌ ጡንቻዎች መድከም፣ እንዲሁም በድንገት ከተጨመረ ቁልቁለት ነው።

እርምጃዎን ይቁጠሩት። የቀኝ እግርዎ በ30 ሰከንድ ውስጥ 38 ጊዜ መሬት ከነካ በደቂቃ 152 እርምጃ ይራመዳሉ ማለት ነው፤ ፍጥነትዎን ሳይጨምሩ እርምጃውን አሳጥረው ከ5 እስከ 10 በመቶ፣ ማለትም ወደ 160 እና 167 መካከል ቢያደርሱት እግሩ ከሰውነት ሥር ያርፋል፤ በጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫናም ይቀንሳል። ሁሉም ሰው 180 መድረስ አለበት የሚባለው በታላላቅ ሯጮች ላይ ከታየው የተወሰደ ሲሆን፣ በዝግታ ለሚሮጥ ጀማሪ ግን ግብ ሊሆን አይገባም። ከዚህ ጎን ለጎን በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ከዝቅተኛ ደረጃ ላይ በአንድ እግር ቀስ ብሎ መውረድ፣ በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ማንሳት ይሠራሉ። ሕመሙን ከዜሮ እስከ አሥር ሲመዝኑት ሦስት ያህል ከሆነና በማግስቱ ጠዋት ወደነበረበት ከተመለሰ ሩጫውን መቀጠል ይቻላል። ጉልበቱ ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳዎት ግን ለሐኪም ይታይ።

ችግር፦ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ ተረከዝ አያስረግጥም

ሕመሙ ከተረከዝ ኋላ ባለው ወፍራም ጅማት ላይ ከሆነ ባትን ከተረከዝ ጋር የሚያገናኘው የአኪለስ ጅማት ነው፤ በውስጥ እግር በኩል በመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች የሚወጋ ከሆነ ደግሞ የውስጥ እግር ሽፋን ነው። ሁለቱም ጥቂት ሲሄዱ ስለሚለቁ ሰው ይዘናጋል። ዳገትና ፈጣን ሩጫ ለጊዜው ይቁሙ። ለአኪለስ ጅማት ፍጹም ዕረፍት ብዙም አይጠቅመውም፤ የሚያድነው በመጠን የተሰጠ ጫና ነው። በደረጃ ጠርዝ ላይ በጣቶችዎ ቆመው በሁለት እግር ከፍ ይበሉና በታመመው እግር ብቻ ቀስ ብለው ዝቅ ይበሉ፤ 15 ጊዜ፣ በሦስት ዙር፣ ለ12 ሳምንት። አሰልቺ ነው። በአራተኛው ሳምንት ለውጥ የለም ብሎ ማቆም የተለመደው ስሕተት ነው። በሩጫ ማግስት ጡንቻ ውስጥ የሚሰማው፣ በሁለተኛው ቀን ገደማ በርትቶ በቀጣዮቹ ቀናት የሚለቀው ሕመም ከዚህ የተለየና ጉዳት የሌለው ነው። አንዱ ባት ብቻ አብጦ፣ ሞቆና ቀልቶ ቢያም ግን የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

ችግር፦ ለሳምንታት ተሠርቶ እድገቱ ይቆማል

ሃያ ደቂቃ ያለማቋረጥ መሮጥ ከቻሉ በኋላ ሰላሳው ላይ መድረስ እንደ ተራራ የሚከብድበት ጊዜ አለ። ብዙውን ጊዜ ምክንያቱ ሩጫዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆናቸው ነው፤ ያው ርቀት፣ ያው መንገድ፣ ለማዝገምም ለመፍጠንም የማይመች መካከለኛ ፍጥነት። እንዲህ ያለው ሩጫ ሁልጊዜ በመጠኑ ያደክማል፤ ብርታት ለመገንባት የሚያስፈልገውን ያህል ግን አይረዝምም። ኒውዚላንዳዊው አሠልጣኝ አርተር ሊድያርድ ፒተር ስኔልን የመሰለ የ800 ሜትር ሯጭ ሳይቀር ለወራት ረጅም ርቀት እያስሮጠ መሠረት ያስጥለው ነበር፤ ስኔልም እ.ኤ.አ. በ1960 በሮም ኦሊምፒክ በዚያው ርቀት ወርቅ አግኝቷል። ለጀማሪ የሚጠቅመው የርቀቱ ብዛት ሳይሆን ቅደም ተከተሉ ነው፤ መጀመሪያ ርዝመት፣ ከዚያ ፍጥነት።

ስለዚህ ከሦስቱ ቀናት አንዱን ረጅም ያድርጉት፤ በየሳምንቱ አምስት ደቂቃ እየጨመሩ፣ አስፈላጊ ሲሆን መሀል ላይ እየሄዱ። ሌላውን አጭርና በጣም ቀላል ያድርጉት። በሦስተኛው ቀን፣ ያለ ሕመም ስድስትና ስምንት ሳምንት ከሠሩ ብቻ፣ መሀል ላይ አራት ወይም አምስት ጊዜ ለ20 ሰከንድ ፈጠን ብለው በረጅሙ ያርፉ።

ይህ ተስተካክሎም ድካሙ የማይለቅ ከሆነ መፈለግ ያለበት ከሩጫ ውጭ ነው። እንቅልፍ ከሰባት ሰዓት በታች ሲሆን፣ ክብደት ለመቀነስ ሲባል ምግብ አለልክ ሲቀነስ ሰውነት የሚገነባበት ያጣል። በተለይ የወር አበባቸው የሚበዛ ሴቶች የብረት ንጥረ ነገር እጥረት ሊኖርባቸው ይችላል፤ የደም ማነስ ደረጃ ሳይደርስም ክምችቱ ሲያልቅ ድካም ያመጣል፤ ፌሪቲን በሚባለው የደም ምርመራም ይለያል። ሳይመረመሩ የብረት እንክብል መዋጥ ግን ትክክል አይደለም፤ ሲበዛ ይጎዳል።

ችግር፦ ሙቀት ሲጨምር ያው ርቀት የማይቻል ይሆናል

በሙቀት ጊዜ ደም ለጡንቻም ለቆዳም ይሻማል፤ ስለዚህ ያው ፍጥነት ከፍ ያለ ምት ይጠይቃል። ሰውነት ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ስለሚፈልግ እስከዚያ በርቀት ሳይሆን በደቂቃ ይሩጡ። ሲጠማዎት ይጠጡ፤ ከጥማት በላይ በግድ መጠጣት በደም ውስጥ ያለውን ሶዲየም አቅጥኖ ሊጎዳ ይችላል። ማዞር፣ ብርድ ብርድ ማለት ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ሩጫው ያበቃል፤ ጥላ ሥር ገብተው ሰውነትዎን በውኃ ያቀዝቅዙ፤ ግራ መጋባቱ ካለ የሕክምና እርዳታ ወዲያውኑ ይጠራ።

ችግር፦ በሕመም ወይም በሥራ ምክንያት ሩጫው ተቋረጠ

አንድ ሳምንት ማቋረጥ ከብርታቱ የሚወስደው እዚህ ግባ የማይባል ነው፤ ካቆሙበት ይቀጥሉ። ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ሲሆን ቀድሞ የሚቀንሰው የደም ፕላዝማ ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሩጫዎች ልብ ይፈጥናል፤ ግማሽ ጊዜ እየሮጡ ሁለት ሳምንት ከሠሩ አብዛኛው ይመለሳል። ከአንድ ወር በላይ ከሆነ ወደ አንድ ደቂቃ ሩጫና ሁለት ደቂቃ የእግር ጉዞ ይመለሱ፤ እያንዳንዱን ደረጃ ግን ከመጀመሪያው ጊዜ ባጠረ ጊዜ ያልፉታል። ትኩሳት ይዞዎት ከነበረ ትኩሳቱ ከለቀቀ በኋላ ጥቂት ቀን ይታገሱ፤ የመጀመሪያው ቀንም የ20 ደቂቃ የእግር ጉዞ ብቻ ይሁን፤ በማግስቱ ጠዋት ሰውነትዎ እንደወትሮው ከተነሳ ያን ጊዜ ጫማዎን ለሶምሶማ ያሥሩ።